በታካሚው ወንበር የሚጀምር ሙያ

ከሚሴ ላይ ስለ ሥነ ልቦና ሕክምና ባነሣሁ ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ «መካሪማ መች አጣን!» ነው። እውነት ነው፣ አላጣንም። የተጣላን ሽማግሌ ያስታርቃል፤ የጨነቀው ወዳጃ ተቀምጦ ዱዓ ያስደርጋል፤ ጎረቤትም ሳይጠየቅ ይመክራል። ስሕተቱ ቴራፒስትን ከመካሪዎች ተርታ ማሰለፉ ላይ ነው። በተለይ ሳይኮዳይናሚክ የሚባለውን ሕክምና የሚማር ሰው፣ ምክር ከአፉ እንዳይቀድመው ዓመታት ይሠለጥናል።

ሕክምናው ባጭሩ ይህ ነው፦ ያለፈ የመሰለን ነገር፣ ይልቁንም ከልጅነት የመጣው፣ ሳናውቀው ዛሬም በምንወድበትና በምንጣላበት አኳኋን ውስጥ ይሠራል። ታካሚው በሳምንት አንዴ ወይም ከዚያ በላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ50 ደቂቃ ያህል ይናገራል፤ ሐኪሙ ያዳምጣል፣ የተረዳውንም ይነግረዋል። ጀማሪው የቪየናው ፍሮይድ ነው።

የሚደንቀው ሥልጠናው ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ማክስ አይቲንጎን ከባልደረቦቹ ጋር በርሊን ላይ ከከፈተው ክሊኒክ የመጣው ሥርዓት ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ትምህርት፣ ነባር ባለሙያ እየተከታተለው ሰው ማከም፣ እንዲሁም የሠልጣኙ የራሱ መታከም።

እኔ ግን ከሥልጠናው ሁሉ አብልጬ የምወደው ኤስተር ቢክ እ.ኤ.አ. በ1948 ለንደን ታቪስቶክ ክሊኒክ ውስጥ የጀመሩትን የሕፃን ምልከታ ነው። ሠልጣኙ አራስ ቤት በሳምንት አንዴ ይሄዳል፤ አንድ ሰዓት ተቀምጦ ሕፃኑንና እናቱን ያያል። እዚያው ማስታወሻ አይዝም፣ አይመክርም፣ አይመረምርም። ሲመለስ ያየውን ሁሉ ከትውስታው ይጽፍና ከመምህሩና ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር ይወያይበታል። ይህ እስከ ሁለት ዓመት ይዘልቃል።

ነገሩን ጨፋ አካባቢ ወዳለ ቤት አምጥቼ አስበዋለሁ። ቡናው ፈልቷል። አያት «ልጁ ጡት እምቢ አለን፤ አንተ የተማርከው፣ ምን ይሻለናል?» ይላሉ። ሠልጣኙ ምላሱ ላይ የደረሰውን መልስ መዋጥ አለበት። (ሕፃኑ አደጋ ላይ ከሆነ ዝምታ የለም፤ ያ ሌላ ነው።) ሕፃኑ ያለቅሳል፤ እናት ፊቷን ታዞራለች፤ ሠልጣኙ በእሷ ይናደዳል። ይህ ንዴት ከየት መጣ? ደክማ ያደረች ሴት እያየ ነው ወይስ የራሱን እናት? መልሱን የሚፈልገው እሱ ራሱ በሚታከምበት ክፍል ነው። የራሱን ንዴት ያልለየ ሰው፣ ነገ ባቲ ገበያ ከስሮ የመጣ ነጋዴ ፊቱ ሲቀመጥ የሚፈርደው በማን እንደሆነ አያውቅም።

እኛ አገር ወደዚህ ሙያ የሚወስደው መንገድ ከሳይካትሪና ከሳይኮሎጂ ይነሣል። ለረጅም ዘመን የነበረን የአእምሮ ሆስፒታል አማኑኤል ብቻ ነበር፤ ሐኪሞችም በሳይካትሪ ስፔሻላይዝ ለማድረግ ውጭ አገር ይሄዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ሥልጠናውን አገር ውስጥ ጀመረ። ለከሚሴ ልጅ ቅርቡ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደሴ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የሳይካትሪ ትምህርት ክፍል አለው። የሳይኮዳይናሚክ ሥልጠና ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ የሚመጣ ነው፤ እንግሊዝ አገር ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ዓመት ይወስዳል።

ስለዚህ የጥቂት ቀን ሰርተፍኬት ግድግዳ ላይ ሰቅለው በመጀመሪያው ቀን «ፍቺው፣ ተወው» የሚሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ልጃቸውን እየጎተቱ አምጥተው «ምከሩልኝ» ብለው በር ላይ የሚጠብቁ ወላጆችም ቢታገሡ መልካም ነው፤ ልጁ ክፍሉ ውስጥ የተናገረውን መጠየቅም የለባቸውም።

ለከሚሴና ለአካባቢዋ ደግሞ አንድ ነገር ይብሳል። እዚህ ብዙ ሰው የሚያለቅሰውም ሕልም የሚያየውም በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ ደግሞ ምሥጢሩን በአስተርጓሚ ፊት የሚያወጣ የለም። አፋን ኦሮሞንም አማርኛንም ቤቱ የተማረ የከሚሴ ወይም የሰንበቴ ልጅ ወደዚህ ሙያ ቢገባ ደስ ይለኛል። ከመመዝገቡ በፊት ግን ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ስሠለጥን እኔ ራሴ እታከማለሁ? የማክመውንስ ሰው ጉዳይ በየሳምንቱ አብሮኝ የሚያይ ማን ነው?