የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕ መለወጥና የድምፅ ቀለም፦ ከሮቤና ከጎባ ሁኔታ ጋር የተገናዘበ ማብራሪያ

መግቢያ

የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ቀጠነ ወይም ታፈነ ሲባል በሙዚቀኞች ዘንድ ቶሎ የሚሰነዘረው ምክር «ፒክአፑ ይለወጥ» የሚል ነው። ፒክአፕ በአውታሮቹ ሥር ተቀምጦ እንቅስቃሴያቸውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ፣ ከማግኔትና ከሽቦ ጥቅል የተሠራ ክፍል ነው። ምክሩ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ችግሩ ሌላ ቦታ ሆኖ ሳለ ወጪው ፒክአፑ ላይ የሚውልበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ሮቤ፣ ወይም ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትገኘው ጎባ በአንድ ጊታር ሠርግና መድረክ ለሚያገለግል ሙዚቀኛ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። መለዋወጫው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ተገጥሞ ካልተወደደም የሚመለስበት መንገድ ጠባብ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ፒክአፕ በድምፅ ቀለም ላይ ያለውን ድርሻ፣ ከድርሻው ውጭ የሆነውን፣ እንዲሁም ከመለወጥ በፊት ሊደረጉ የሚገባቸውን ፍተሻዎች ያብራራል። በመጨረሻም ጉዳዩ ክራርን እንዴት እንደሚመለከት ያሳያል።

የፒክአፕ አሠራር

የፒክአፕ መሠረት ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያሳየው የኤሌክትሮማግኔት ሕግ ነው። ማግኔቱ ከበላዩ ያለውን የብረት አውታር ያመገንዘዋል፤ አውታሩ ሲርገበገብ በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት ፍሰት ይለዋወጣል፤ ይህም ለውጥ በሽቦው ውስጥ ቮልቴጅ ይፈጥራል። በዚህ መርሕ የተሠራውን የመጀመሪያውን ስኬታማ የኤሌክትሪክ ጊታር እ.ኤ.አ. በ1931 የነደፈው ጆርጅ ቦሻም ሲሆን፣ የባለቤትነት መብቱ የተሰጠው በ1937 ነው።

ከዚህ አሠራር ሁለት ነጥቦች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ፒክአፕ የሚያነበው የአየርን ንዝረት ሳይሆን የብረትን እንቅስቃሴ ነው። በመሆኑም በባሌ ደጋ የአየሩ መሳሳት በምልክቱ ላይ በቀጥታ የሚያመጣው ለውጥ የለም። ሁለተኛ፣ ፒክአፑ የሚያየው አውታሩን ከበላዩ ባለው ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። አውታሩ ካረፈበት ብሪጅ የሙሉ ርዝመቱ 1/4 በሆነ ርቀት ላይ የተቀመጠ ፒክአፕ ክፍት አውታር ሲመታ አራተኛውን ሃርሞኒክ ሊሰማ አይችልም፤ ያ ሃርሞኒክ በዚያ ነጥብ ላይ አይንቀሳቀስምና። እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ውድ ፒክአፕ ቢተካም የጎደለው ሃርሞኒክ አይመለስም። ወደ ብሪጅ የተጠጋ ፒክአፕ ሹል፣ ወደ አንገቱ የተጠጋው ደግሞ ሙሉና ለስላሳ ድምፅ የሚሰጠውም በዚሁ የአቀማመጥ ምክንያት ነው።

የድምፅ ቀለም ከየት ይመጣል?

አንድ ፒክአፕ በተለምዶ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይይዛል። ይህ ጥቅል ሦስት የኤሌክትሪክ ባሕርያት አሉት፤ እነርሱም ኢንዳክታንስ፣ ሬዚስታንስና ካፓሲታንስ ናቸው። ኢንዳክታንሱ ከራሱና ከገመዱ ካፓሲታንስ ጋር ሲጣመር በአንድ የተወሰነ ድግምግሞሽ አካባቢ ምልክቱን ያጎላል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ደግሞ በፍጥነት ይቆርጣል። ይህ የሬዞናንስ ጫፍ ይባላል። የጊታር ዝቅተኛው ኖታ 82 ኸርዝ አካባቢ ሲሆን፣ የሬዞናንሱ ጫፍ ብዙውን ጊዜ ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ ባለው ክልል ይወድቃል። ይህም የሰው ጆሮ እጅግ ንቁ ከሆነበት ክልል ጋር ይገጥማል። የሁለት ፒክአፖች የቀለም ልዩነት በአብዛኛው የዚህ ጫፍ ቦታና ቁመት ልዩነት ነው።

በምሳሌ እንመልከት። ኢንዳክታንሱ 2.5 ሄንሪ የሆነ ፒክአፕ የራሱና የገመዱ ካፓሲታንስ በድምሩ 600 ፒኮፋራድ ቢሆን ጫፉ 4,100 ኸርዝ ገደማ ላይ ይውላል፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። በዚያው ሁኔታ 4.5 ሄንሪ ያለው ፒክአፕ ጫፉ ወደ 3,060 ኸርዝ ይወርዳል፤ ድምፁ ይወፍራል። አሁን ፒክአፑ ሳይነካ ገመዱ ብቻ ይቀየር። አንድ ሜትር የጊታር ገመድ 100 ፒኮፋራድ ያህል ካፓሲታንስ አለው እንበል፤ የፒክአፑ የራሱም 100 ፒኮፋራድ ይሁን። 4.5 ሄንሪ ያለው ፒክአፕ በ6 ሜትር ገመድ ጫፉ 2,840 ኸርዝ አካባቢ ሲሆን፣ በ3 ሜትር ገመድ 3,750 ኸርዝ ገደማ ይደርሳል። ከገመድ ማሳጠር የተገኘው ለውጥ ሁለቱን ፒክአፖች ከሚለየው ጋር የሚቀራረብ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያውም ድርሻ አለው። ባለ 250 ኪሎ ኦም መቆጣጠሪያ የሬዞናንሱን ጫፍ ዝቅ ሲያደርግ፣ ባለ 500 ኪሎ ኦም ጫፉን ከፍ እንዳለ ይተወዋል። አዲስ ፒክአፕ ተገጥሞ ድምፁ ከሚጠበቀው በላይ የሾለ ወይም የታፈነ ሲሆን ፒክአፑ ከመወቀሱ በፊት ይህ ዋጋ መታየት ይኖርበታል።

ጉምጉምታና ባለሁለት ጥቅል ፒክአፕ

ፒክአፕ መለወጥ በግልጽ የሚክስበት አንዱ ምክንያት ጉምጉምታ ነው። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር በ50 ኸርዝ ይሠራል። ባለአንድ ጥቅል ፒክአፕ በአቅራቢያው ካለ ትራንስፎርመር፣ መስመርና መብራት የሚወጣውን መግነጢሳዊ መስክ እንደ አንቴና ይቀበላል፤ በ50 እና በ100 ኸርዝ፣ እንዲሁም በተከታዮቹ ብዜቶች ላይ የማያቋርጥ ጉምጉምታ ይሰማል።

የጊብሰን መሐንዲስ ሴት ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 ማመልከቻ አቅርቦ በ1959 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ንድፍ ለዚህ መፍትሔ ነው። ሁለት ጥቅሎች በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲያያዙና ማግኔታዊ ዋልታቸውም ተቃራኒ እንዲሆን ይደረጋል። ከውጭ የመጣው ጉምጉምታ በሁለቱ ጥቅሎች ተቃራኒ ሆኖ ይጣፋል፤ የአውታሩ ምልክት ግን ሁለት ጊዜ ስለሚገለበጥ ይደመራል። የሚከፈለው ዋጋ ኢንዳክታንሱ መጨመሩና ፒክአፑ የሚያየው የአውታር ክፍል መስፋቱ ነው፤ ሁለቱም የላይኛውን ሃርሞኒክ ይቀንሳሉ።

ይህ ዋጋ ለኢትዮጵያ አጨዋወት ትርጉም አለው። እንደ ሰላም ሥዩም ወልደማርያም ያሉ፣ በኢቤክስና በኋላም በሮሃ ባንድ የተጫወቱ ጊታሪስቶች ባበለጸጉት ወግ ጊታር አጃቢ ብቻ አይደለም፤ እንደ ክራር ነጠላ ኖታዎችን እየለቀመ ዜማ ይመራል። ለዚህ አጨዋወት የኖታው አነሳስ ጥራት ከድምፁ ውፍረት ሊቀድም ይችላል። ስለዚህ ጉምጉምታን ለማጥፋት ባለሁለት ጥቅል የሚመርጥ ሙዚቀኛ በምትኩ የሚያጣውን አስቀድሞ መመዘን አለበት። ጉምጉምታው ከምድር መስመር መጓደል ወይም ከተላቀቀ ብየዳ የመጣ ከሆነ ደግሞ ማንኛውም ፒክአፕ አያድነውም።

ከመለወጥ በፊት

ፍተሻው ወጪ ከሌለው ወደ ውድ መሄድ ይኖርበታል። የመጀመሪያው አውታር ነው፤ ያረጀና የዛገ አውታር ከፍተኛ ሃርሞኒኮችን ስለሚያጣ የማንኛውንም ፒክአፕ ድምፅ ያደነዝዛል። ሁለተኛው የፒክአፑ ከፍታ ነው። በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭኖ በተያዘ አውታርና በፒክአፑ መካከል ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት ጥሩ መነሻ ነው። ፒክአፑ ሲጠጋ ድምፁ ይጎላል፤ ከመጠን በላይ ከተጠጋ ግን ማግኔቱ አውታሩን ስለሚስብ ኖታው ይወላገዳል፣ ይንቀጠቀጣል። ግማሽ ቃናዎች ባሉበት እንደ አንቺሆዬ ባለ ቅኝት ይህ ስሕተት ፈጥኖ ይሰማል፤ መድኃኒቱም ዊንጭ ማዞር ብቻ ነው። ሦስተኛው ገመዱ፣ አራተኛው መቆጣጠሪያዎቹና ብየዳው ናቸው።

የሬዚስታንስ ልኬትም በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። በገበያ ፒክአፖች «ባለ 7 ኪሎ ኦም»፣ «ባለ 9 ኪሎ ኦም» እየተባሉ ይነጻጸራሉ፤ ነገር ግን ቀጭን ሽቦ በጥቂት ዙርም ከፍተኛ ሬዚስታንስ ስለሚሰጥ ቁጥሩ ብቻውን ቀለምን አይናገርም። በተጨማሪም የመዳብ ሬዚስታንስ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.39 በመቶ ያህል ይለወጣል። በ20 ዲግሪ 7.00 ኪሎ ኦም የሆነ ፒክአፕ በ10 ዲግሪ ሲለካ 6.73 ኪሎ ኦም ገደማ ያሳያል። በቀዝቃዛ የጎባ ማለዳ ይህን ያነበበ ሰው ጥቅሉ የተበላሸ ሊመስለው ይችላል፤ ፒክአፑ ግን ጤናማ ነው። መልቲሜትር በእርግጠኝነት የሚለየው ሽቦው ፈጽሞ መበጠሱን ነው።

ቀለሙን ለመለካት የተሻለው መንገድ በማንኛውም የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሊሠራ ይችላል። አንድ ትንሽ ጥቅል ከሲግናል ጀነሬተር ጋር ተያይዞ በፒክአፑ ላይ ይቀመጣል፤ ድግምግሞሹ ደረጃ በደረጃ ይጨመራል፤ ከፒክአፑ የሚወጣው ቮልቴጅ ይመዘገባል። መቀበያው ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም የመግቢያ ኢምፒዳንስ ሊኖረው ይገባል፤ አለበለዚያ መለኪያው ራሱ የሬዞናንሱን ጫፍ ያጠፋዋል። በጆሮ ሲነጻጸር ደግሞ የሁለቱ ቅጂዎች የድምፅ ጉልህነት እኩል መደረግ አለበት፤ ጆሮ የጎላውን የተሻለ አድርጎ የመውሰድ ዝንባሌ አለውና።

ክራርና ፒክአፕ

በለንደን የሚገኘው ክራር ኮሌክቲቭ የተባለው ቡድን እንዳሳየው ክራር በኤሌክትሪክ ተደግፎ ትልቅ መድረክ ሊሞላ ይችላል። ይሁንና የጊታር ፒክአፕ ለክራር የሚያገለግለው አውታሮቹ ብረት ሲሆኑ ብቻ ነው። የናይለንና የጅማት አውታር፣ እንዲሁም የመሲንቆ የፈረስ ጭራ ለማግኔት የሉም ማለት ነው።

ለእነዚህ የሚስማማው ንዝረትን በግፊት የሚያነበው ፒዬዞ ነው። እዚህም ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው የተሳሳተው ክፍል ነው። ፒዬዞ እንደ ካፓሲተር ስለሚሠራ ከመቀበያው ሬዚስታንስ ጋር ሆኖ ዝቅተኛ ድምፆችን ይቆርጣል። 5 ናኖፋራድ የሆነ ፒዬዞ 10 ኪሎ ኦም መግቢያ ባለው ሚክሰር ላይ በቀጥታ ቢሰካ ከ3,180 ኸርዝ በታች ያለው ሁሉ ይዳከማል፤ ክራሩም ሽቦ ሽቦ ይላል። መካከል ላይ ባለ 1 ሜጋ ኦም መግቢያ ፕሪአምፕ ሲገባ መቁረጫው ወደ 32 ኸርዝ ይወርዳል፤ የክራሩ ሙሉ ድምፅ ይመለሳል። በተጨማሪም የክራሩ ቆዳ በክረምት እርጥበት ስለሚላላ ድምፁ ይለወጣል፤ ይህ ከፒክአፑ ጋር የተያያዘ ችግር አይደለም።

ማጠቃለያ

ፒክአፕ መለወጥ ተገቢ የሚሆነው ጥቅሉ ሲበጠስ፣ ፒክአፑ በከፍተኛ ድምፅ ሲያፏጭ፣ ጉምጉምታው ከባለአንድ ጥቅል ባሕርይ መምጣቱ ሲረጋገጥ፣ ወይም ተለክቶ የተገኘው የሬዞናንስ ጫፍ ከሚፈለገው ቀለም እጅግ ሲርቅ ነው። ከዚህ ውጭ ያለው ቅሬታ በአብዛኛው በአውታር፣ በከፍታ፣ በገመድ ወይም በመቀበያው ኢምፒዳንስ ሊፈታ ይችላል። ለውጡ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝም የጊታሩ እንጨት ሳይቆረጥ በነባሩ ጉድጓድ የሚገባ መጠን መመረጥ፣ የሽቦዎቹ አያያዝ አስቀድሞ መሣል፣ የወጣው ፒክአፕም መቀመጥ ይኖርበታል። በክራር ላይ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ተነቃይ ፒዬዞ ሊነሣ ይችላል፣ የተበሳ ገበቴና የተቀደደ ቆዳ ግን እንደ ቀድሞው አይሆንም።