ጉግል የማያሳያችሁን ብሎግ በየት በኩል ታገኙታላችሁ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ምሽት የአባቴ አሮጌ ሬዲዮ አልሠራም አለና፣ ምን ነክቶት ይሆን ብዬ ኢንተርኔት ሳስስ አንድ ብሎግ ላይ ወደቅሁ። ጸሐፊው በአማርኛ፣ ያለ አንዳች ማስታወቂያ፣ ዕድሜውን የፈጀበትን የሬዲዮ ጥገና ይተርካል። የቱ ዕቃ ቶሎ እንደሚቃጠል፣ ደንበኞች ምን ብለው እንደሚያማርሩ፣ ሁሉም አለ። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አነበብኩ። «ነገ ጉግል ላይ ፈልጌ እቀጥላለሁ» ብዬ ዘጋሁት። በማግስቱ ፈለግኩ፤ የለም። ቃላቱን ቀያየርኩ፤ አሁንም የለም። የሬዲዮ ጣቢያ፣ የሬዲዮ ሻጭ፣ ዩቲዩብ፣ ዊኪፒዲያ፣ ሁሉም ይመጣል። የኔን ሰውዬ ግን ውሃ በላው።

ገጹ እዚያው ነበር። ወደ እሱ የሚወስደውን መንገድ ነው ያጣሁት። ለምን ይሆን?

መጀመሪያ ግን «የግል ብሎግ ደግሞ ምን ቁም ነገር ይገኝበታል?» ለምትሉ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ላይ የካምብሪጁ የሒሳብ ሊቅ ቲሞቲ ጋወርስ በግል ብሎጉ ላይ ጥያቄ አነሳ፦ ብዙ ሰው ተሰብስቦ አንድ ከባድ የሒሳብ ችግር በአደባባይ ሊፈታ ይችላል ወይ? ችግሩንም እዚያው ዘረጋው። ፕሮፌሰሮችም፣ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪም ሳይቀር፣ ከሥሩ ሐሳባቸውን መጻፍ ጀመሩ። የተሳሳተ ሐሳብም ቢሆን ይጻፍ ነበር። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ዋናው ችግር ተፈታ፤ ውጤቱም ዲ.ኤች.ጄ. ፖሊማዝ በሚል የጋራ የብዕር ስም ታተመ። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ሰው በራሱ ገጽ ላይ ስለጻፈ ነው። በእርግጥ አብዛኛው ብሎግ እንዲህ ዓይነት ተአምር አይሠራም። ሬዲዮ ይጠግናል፣ ወፍ ይቆጥራል፣ ስለ አያቱ ይጽፋል። እኔ የሚጣፍጠኝም እሱ ነው።

ወደ መንገዱ እንመለስ። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ጉግልን ሲመሠርቱ ይዘውት የመጡት ሐሳብ ፔጅራንክ ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሥራ ፈት ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ዝም ብሎ ይዞራል እንበል። መንታ መንገድ ላይ በደረሰ ቁጥር አንዱን በዕጣ መርጦ ይሄዳል። ይህ ሰው ከቀን ወደ ቀን ደጋግሞ ራሱን የሚያገኘው የት ይመስላችኋል? መገናኛ! ብዙ መንገድ ወደዚያ ስለሚገባ። አንድ ቅያስ መጨረሻ ላይ ያለች፣ መግቢያዋ የማይታይ ቤት ጋ ግን ላይደርስ ይችላል።

ፔጅራንክ ይህንኑ ሰውዬ ድረ ገጽ ላይ ያዞረዋል፤ ሊንኮች መንገዶቹ ናቸው። በቀደመው ጽሑፋቸው ላይ በተለመደው ቁጥር ብንሄድ፣ ሰውዬው በእያንዳንዱ እርምጃ 85 በመቶ በሚሆን ዕድል ካለበት ገጽ ላይ አንዱን ሊንክ ይከተላል። በቀረው 15 በመቶ ደግሞ ይሰለቸውና ከድሩ ሁሉ መካከል ወደ አንዱ ገጽ በዕጣ ዘሎ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የተጎበኘ ገጽ ደረጃው ከፍ ይላል። ማንም ሊንክ ያላደረገለት ብሎግ እንግዲህ ተስፋው ያቺ የዕጣ ዝላይ ብቻ ናት። ከቢሊዮን ገጾች መካከል አንዱ ሆኖ ዕጣ እንዲወጣለት መጠበቅ ማለት ነው። ዛሬ ጉግል ከፔጅራንክ ሌላ ብዙ መለኪያዎችን ይጠቀማል፤ ቢሆንም ሊንክ አሁንም ክብደት አለው።

ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ ምን መሰላችሁ? ሰዎች ሊንክ የሚያደርጉት ላዩት ነገር ነው፤ የሚያዩት ደግሞ ከላይ የወጣውን። ስለዚህ ከላይ ያለው ሌላ ሊንክ ያገኛል፣ የበለጠ ይወጣል። አልበርት ላስሎ ባራባሺና ሬካ አልበርት እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳዩት ይህንን ነው፦ አዲስ መጪ ሁሉ ብዙ ግንኙነት ወዳለው ካደላ፣ ጥቂት ግዙፍ ማዕከሎችና እጅግ ብዙ ጭር ያሉ ዳርቻዎች መፈጠራቸው አይቀርም። የማንም ተንኮል አያስፈልግም።

በዓመቱ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የድሩን ካርታ ሣለው። አንድሬ ብሮደርና ባልደረቦቹ 200 ሚሊዮን ገጾችን አጥንተው ያገኙት ቅርጽ ሙሽሮች አንገታቸው ላይ የሚያደርጉትን የቢራቢሮ ከረባት ይመስላል። መሃል ላይ ቋጠሮው አለ፤ እዚያ ያሉ ገጾች ሊንክ እየተከተላችሁ ከአንዱ ወደ ሌላው ሁሉ ትደርሳላችሁ። የቀኙ ክንፍ ላይ ከመሃል የሚደረስባቸው፣ ነገር ግን ወደ መሃል የማይመልሱ ገጾች አሉ። የግራው ክንፍ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ወደ መሃል ይወስዳል፣ ከመሃል ግን ወደ እሱ መንገድ የለም። ከዚህ ሁሉ ውጭ ተንጠልጥለው ወይም ጨርሶ ተቆርጠው የቀሩም አሉ። ሁለት ገጾችን በዕጣ ብትመርጡ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው የሚወስድ የሊንክ መንገድ የሚኖረው ከ4 ጊዜ በ1 ገደማ ብቻ ነበር።

አዲስ የተከፈተ የግል ብሎግ ብዙ ጊዜ የግራው ክንፍ ላይ ነው የሚወለደው። እሱ ዊኪፒዲያን ያውቃል፤ ዊኪፒዲያ እሱን አያውቀውም።

የአማርኛ ብሎግ ከዚህም ሌላ ጣጣ አለበት። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። በሁለቱ ጸ-ዎች እና አንድ ድምፅ ባላቸው ስድስት ፊደሎች (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) ብቻ እየቀያየርን 12 ዓይነት አድርገን ልንጽፈው እንችላለን። ለእኛ ያው አንድ ፀሐይ ናት። ለኮምፒውተር ግን አንድ ሰው ካላስተማረው በስተቀር 12 የተለያዩ ቃላት ናቸው። እስቲ ሁለት ሦስቱን ጽፋችሁ ውጤቱን አነጻጽሩ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በየራሳቸው ፎንት የተጻፉ ገጾች ለዓይን አማርኛ ቢመስሉም፣ ማሽኑ የሚያየው የተደበላለቀ የላቲን ፊደል ነበር። ስለዚህ የአማርኛ ገጽ ስትፈልጉ ቃሉን በተለያየ አጻጻፍ መሞከር የመጀመሪያው ብልሃት ነው። እኔ «ኃይል» ብዬ ስፈልግ ሰውዬው «ሀይል» ብሎ ጽፎ ኖሯል፤ ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው።

ታዲያ ጉግል ሳይኖር ሰው ገጽ የሚያገኘው እንዴት ነበር? በሰው በኩል። ያሁ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲጀመር ሁለት የስታንፎርድ ተማሪዎች፣ ጄሪ ያንግና ዴቪድ ፊሎ፣ የወደዷቸውን ገጾች በእጃቸው የመዘገቡበት ዝርዝር ነበር። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ዌብሪንግ ነው። የጽዋ ማኅበር ታውቁ የለ? ዛሬ እነ እገሌ ቤት፣ በሚቀጥለው ወር ከጎናቸው ያለው ቤት፣ እንዲህ እያለ ዞሮ መጀመሪያው ጋ ይመለሳል። ዌብሪንግም እንደዚያው ነው፦ በአንድ ጉዳይ ላይ የሚጽፉ ሰዎች ይስማሙና እያንዳንዱ ገጹ ግርጌ ላይ «ቀጣይ» እና «ያለፈው» የሚሉ ሊንኮች ያደርጋል። ዌብሪንግ የሚባለው አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1995 ሲጀመር ፈጣሪው ሴጅ ዋይል ገና ወጣት ነበር።

አሁን ይህን በብሮደር ካርታ ዓይን እዩት። 50 ብሎጎች፣ ለየብቻቸው ሲሆኑ፣ ማንም አያውቃቸውም። ቀለበት ሲሠሩ ግን እያንዳንዱ «ቀጣይ» የሚል አንድ ሊንክ ብቻ ጨምሮ፣ ከየትኛውም ወደ የትኛውም በ49 ክሊክ ውስጥ መድረስ ይቻላል። በድምሩ 50 ሊንክ! ከአንዱም ቢሆን ውጭ ያለ ሰው ከገባ፣ ሁሉም ጋ መድረስ ይችላል። ድክመቱም ግልጽ ነው፤ አንዱ አባል ገጹን ከዘጋ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ለዚህ ነው የአባላቱን ዝርዝር አንድ ማዕከላዊ ፕሮግራም ይዞት፣ የሞተውን እየዘለለ እንዲያሳልፍ የሚደረገው። ዌብሪንጎች ዛሬም አሉ። የግል ገጽ ግርጌ ላይ ቀስቶች ካያችሁ ጫን በሏቸው።

ሌላው መንገድ ብሎግሮል ነው፦ ጸሐፊው ራሱ የሚያነባቸውን ብሎጎች ጎን ላይ ይደረድራል። እያንዳንዱ 10 ቢደረድር በሦስተኛው እርምጃ 1000 ብሎግ ጋ የሚደርሱ ይመስላችኋል። በተግባር ግን አይደርስም፤ ያው 40 እና 50 ስም እየተደጋገመ ይመጣል። ጓደኛሞች እርስ በርስ ነዋ የሚደራረቡት! የሶሺዮሎጂ ምሁሩ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ጋ ይጠቅማል። የቅርብ ወዳጆቻችን የሚያውቁት እኛው የምናውቀውን ነው፤ አዲስ ወሬ የሚመጣው እምብዛም ከማንቀርባቸው፣ ሌላ ሰፈር ከሚውሉ ሰዎች ነው። ስለዚህ የፕሮግራመሮች ዝርዝር ውስጥ አንድ የንብ አናቢ ብሎግ ካያችሁ፣ መጀመሪያ እሱን ክፈቱ።

የኔን ሬዲዮ ጠጋኝ ያገኘሁት በዚህ ነው። ከብዙ ወራት በኋላ ቴምብር ስለሚሰበስብ ሰው የሚያወራ ብሎግ ሳነብ፣ ከቴምብር ሰብሳቢዎቹ ዝርዝር መጨረሻ ላይ ብቻዋን የተቀመጠች «የጎረቤቴ ሬዲዮ ቤት» የምትል ሊንክ አየሁ። ቴምብርና ሬዲዮ ምን አገናኛቸው? አጥር!

ያገኛችሁትን ብሎግ እንደ እኔ እንዳታጡት ደግሞ አርኤስኤስን ተዋወቁ። ብሎጉ አዲስ የጻፈውን ርዕስና ቀን የሚይዝ ትንሽ ፋይል ነው፤ የፊድ ማንበቢያ አፕ ፋይሉን እየሄደ ያይና አዲስ ነገር ሲኖር በቀኑ ቅደም ተከተል ይደረድርላችኋል። መሃል ገብቶ «ይሄን እይ፣ ያንን ተወው» የሚል አልጎሪዝም የለም። የመጀመሪያው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1999 ከኔትስኬፕ ወጣ። በ2000 የወጣውን 1.0 ከሠሩት መካከል አንዱ አሮን ሽዋርትዝ ሲሆን፣ ያኔ ዕድሜው ገና 14 ነበር። ጉግል የራሱን ማንበቢያ፣ ጉግል ሪደርን፣ በ2013 ሲዘጋው ብዙ ሰው አርኤስኤስ ሞተ ብሎ ነበር። ፖድካስት ትሰማላችሁ? ክፍሎቹ ወደ ስልካችሁ የሚመጡት በአብዛኛው በዚሁ በአርኤስኤስ ነው። ወርድፕረስ ላይ የተሠራ ብሎግ ከሆነ አድራሻው መጨረሻ ላይ ሰያፍ መስመር አድርጋችሁ «ፊድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ብትጨምሩ ብዙ ጊዜ ፋይሉ ይከፈታል።

እንግሊዝኛ ለምታነቡ ማርጂናሊያ የሚባል መፈለጊያም አለ። ስዊድን ውስጥ አንድ ፕሮግራመር የጀመረው ነው፤ ጽሑፍ የበዛባቸውን፣ ማስታወቂያ ያላጨናነቃቸውን ትንንሽ ገጾች ሆን ብሎ ወደ ላይ ያወጣል። ለትክክለኛ መልስ አትሂዱበት፤ ለመጥፋት ሂዱበት። የግል ብሎግ ላይ ያነበባችሁትን ሁሉ ደግሞ እንደ እውነት አትውሰዱ። አራሚ የለውም። ስለ ጤና ወይም ስለ መድኃኒት ከሆነ ሌላ ቦታ ሄዳችሁ አመሳክሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1990ዎቹ ሚሊዮኖች የግል ገጻቸውን የሠሩበት ጂኦሲቲስ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲዘጋ፣ በጎ ፈቃደኞች ሮጠው የቻሉትን ያህል ገልብጠው አተረፉ። የተቀረው የለም። የወደዳችሁትን ገጽ አድራሻ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ «ዌይባክ ማሽን» ውስጥ አስገብታችሁ ቅጂው እንዲቀመጥ ማድረግ ትችላላችሁ፤ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እኔ የሬዲዮውን ሰውዬ 31 ጽሑፎች አንድ በአንድ አስቀምጫለሁ። የመጨረሻው ስለ አንድ የማይጠገን ሬዲዮ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አዲስ አልጻፈም፣ ፊዱን ግን አሁንም እንደከፈትኩት ነው።