ስለ ድንጋይ ጠራቢዎች ሙያ

በአዲስ ከተማ በመርካቶ፣ በቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ፣ ከአንድ የንዋያተ ቅድሳት ሱቅ ጧፍ ልንገዛ ገብተን ሳለን አንድ ወጣት ዲያቆን ከባለሱቁ ጋራ ሲከራከር ሰማን። በመደርደሪያው ላይ ሁለት ትናንሽ የቤተ ጊዮርጊስ አምሳያዎች ነበሩ። አንደኛው በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰና ቀይ ቀለም የተቀባ ጄሶ ነው፤ ሁለተኛው ከድንጋይ በእጅ የተፈለፈለ ነው። ዲያቆኑም «አባቴ፣ ይህ ጠርዙ የሻከረው ከዚያ ካማረው ዋጋው የሚበልጠው ስለ ምንድን ነው?» ቢላቸው፣ ሽማግሌው «ልጄ፣ ያኛው በቀን መቶ ይወለዳል፤ ይህ ብቻውን የተወለደ ነው» ብለው መለሱለት። ዲያቆኑ ግን ጄሶውን ገዝቶ ወጣ። የኪሱን የሚያውቅ እርሱ ነውና አልፈረድንበትም። ነገር ግን ነገሩ ከልባችን ሳይወጣ ሰነበተ።

ቤተ ክርስቲያናችን ለቅዱሳን መታሰቢያ ሥዕልን እንጂ ዙሪያውን የሚዞሩትን የቆመ ምስል አላስለመደችም። ከክርስትና በፊት በትግራይ በሐውልቲ የተቀመጠች ሴት ምስል ከድንጋይ ተቀርጾ እንደ ነበር በብሔራዊ ሙዚየም ያለው ቅርስ ይመሰክራል። ከክርስትና በኋላ ግን የጠራቢው ጥበብ ወደ ሕንፃው ገባ፤ ምስል ቀርጾ በቤት ውስጥ በማቆም ፈንታ ቤቱን ራሱን ከዐለት ቀረጸው። በላሊበላ በቤተ ጎልጎታ ግድግዳ ላይ በሰው ቁመት ልክ ወጣ ብለው የተቀረጹት ቅዱሳን በአገራችን እጅግ ብርቅ የሆኑት ስለዚህ ነው።

የዚህ ሥራ አስቸጋሪነት ሊታሰብ ይገባዋል። ግንበኛ ከመሠረት ጀምሮ ወደ ላይ ይሠራል፤ የተሳሳተውንም ድንጋይ አንሥቶ በሌላ ይተካል። ውቅር ፈልፋይ ግን ከጣሪያ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። አስቀድሞ ዙሪያውን ጉድጓድ ቆፍሮ ዐለቱን ለብቻው ያቆማል፤ ከዚያ መስኮቱንና በሩን ከፍቶ ውስጡን ይፈለፍላል። ዓምድ ይሆናል ያለውን አንድ ጊዜ ከቈረጠው መመለሻ የለውም። ርዝመቱ 33 ሜትር የሚያህለው ቤተ መድኃኔ ዓለም እንዲህ ባለ ሥራ የወጣ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ስለ እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ሲጽፍ የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ መስጋቱ አያስደንቅም።

ይህ ሙያ ከቅዱስ ላሊበላ ጋራ የተቀበረ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በትግራይና በዐማራ አገር በዘመናችንም መነኮሳትና ገበሬዎች በዶማና በመሮ አዲስ ውቅር ፈልፍለዋል፤ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ሊቅ ሚካኤል ጄርቨርስም ሥራቸውን እየዞሩ መዝግበዋል። መዝጋቢው ከባሕር ማዶ መምጣቱን ስናስብ ጥቂት እናፍራለን።

ባለሙያን በእጁ ሥራ መሳደብ በአገራችን የቈየ ክፉ ልማድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ቢከለክሉትም ልማዱ በአንድ ጊዜ አልጠፋም። በዚህም የተነሣ ብዙ አባት መሮውን ለልጁ ሳያወርስ ሞቷል። ጉዳቱ የሚታየው በጥገና ጊዜ ነው። በላሊበላ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጥቂቶቹ ዝናብ እንዳያስገቡ ተብሎ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀብተው ነበር። ሐሳቡ ደግ ነበር፤ ነገር ግን ዐለቱ እርጥበቱን የሚያወጣበት ቀዳዳ ታፈነ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጣሊያናዊው አንጀሊኒ በመራው ጥገና ያ ልባስ በብዙ ድካም ተፋቀ። በ2000 ዓ.ም. ገደማም ከአንዳንዶቹ በላይ ታላላቅ መጠለያዎች ቆሙ። መጠለያ ዝናብን ይከለክላል፤ የተሰነጠቀውን ዐለት ዳስሶ የቱ ሕያው የቱ የበሰበሰ እንደ ሆነ የሚለየው ግን የጠራቢ እጅ ነው። እንግዲህ የቅርስ ሹማምንትና የየደብሩ አለቆች መሐንዲስ በሚጠሩበት ቀን ፈልፋዩንም ከእርሱ ጋራ ቢጠሩ፣ ደመወዙንም ከቀን ሠራተኛ ለይተው ቢቈርጡለት እንወዳለን።

ከሱቁ ወጥተን በምናለሽ ተራ ስናልፍ፣ አንድ ቀጥቃጭ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ በእሳት አግሎ ይመታ ነበር። ምን እንደሚሠራ ብንጠይቀው «ለድንጋይ ሰዎች መሮ» አለን። ስንት አዝዘውህ ነው ብንለው ሁለት ጣቶቹን አሳየንና ወደ ሥራው ተመለሰ።