የሚንከባለለውን ጠርሙስ ማን ያቆመዋል?

በዚህ እትም ልናካፍላችሁ የወደድነው በሐዋሳ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀምጠን የተከታተልነውን የፊዚክስ ትምህርት ነው። ፊዚክስ ለእርዳታና ለልማት ሥራ ምን ይጠቅማል የሚል ይኖር ይሆናል። እኛም ወደዚያ ክፍል የገባነው በፕሮጀክታችን የሚረዱት ልጆች እንዴት እንደሚማሩ ለማየት እንጂ ራሳችን ለመማር አልነበረም። ይሁን እንጂ ተምረን ወጣን፤ ከተማርነውም የተነሣ በአሠራራችን ላይ ለውጥ ማድረግ ግድ ሆነብን።

የዕለቱ ርእስ ስለ እንቅስቃሴ ነበር። በቂ የመሞከሪያ ዕቃ ስላልነበረ መምህሩ ተማሪዎቹን ከመንገድ ዳር ባዶ የውሃ ጠርሙስ፣ ብዙዎቻችን «ሃይላንድ» የምንለውን፣ ለቅመው እንዲመጡ አዝዘዋቸው ነበር። ለአርባ ልጆች የሚበቃ ጠርሙስ ለመልቀም ከትምህርት ቤቱ አጥር ብዙም መራቅ አላስፈለጋቸውም።

በጣውላው ላይ

መጀመሪያ 2 ሜትር የሚረዝም ጣውላ አምጥተው አንዱን ጫፍ በ10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደረጉት። ከዚያም መጠናቸው እኩል የሆነ ሦስት ጠርሙሶች አዘጋጁ። አንዱን ውሃ ሞሉት፤ ሁለተኛውን አሸዋ ጠቅጥቀው ሞሉት፤ ሦስተኛውን ባዶውን ከደኑት። መምህሩ፣ «ብንለቃቸው የትኛው ይቀድማል?» ብለው ጠየቁ። አብዛኞቹ ተማሪዎች አሸዋ የያዘው ከሁሉ ስለሚከብድ እርሱ ይቀድማል አሉ። እኛም በልባችን እንደዚያው ገምተን ነበር።

ሲለቀቁ ግን ውሃ የያዘው ቀደመ፤ አሸዋ የያዘው ተከተለ፤ ባዶው መጨረሻ ደረሰ። ምክንያቱም እንዲህ ነው። የሚንከባለል ነገር ሁለት ሥራ አለበት፤ ወደ ፊት መሄድና በራሱ ዙሪያ መሽከርከር። ጠርሙሱ ሲሽከረከር በውስጡ ያለው ውሃ እምብዛም አብሮት ስለማይሽከረከር ኃይሉ ሁሉ ለማለት ይቻላል ወደ ፊት በመሄድ ላይ ይውላል። አሸዋው ግን ከጠርሙሱ ጋር አብሮ ስለሚሽከረከር ከኃይሉ አንዱን ክፍል ለዚያ ይከፍላል። ባዶው ጠርሙስ ደግሞ ክብደቱ በሙሉ ያለው በዙሪያው በመሆኑ ለመሽከርከር ከሁሉ የበለጠ ይከፍላል። በስሌት ሲታይ በዚያ ጣውላ ላይ ውሃ ያለው 2.9፣ አሸዋ ያለው 3.5፣ ባዶው 4 ሰከንድ ያህል ይወስድባቸዋል። መምህሩም፣ «ዓይን የገመተውን ሰዓት ይፈርድበታል» ብለው ወደ ውጭ ይዘዋቸው ወጡ።

በቦዩ ውስጥ

በዚያ ቀን ጠዋት ዝናብ ዘንቦ ስለነበረ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ያለው ቦይ ጎርፍ ይዞ ይወርድ ነበር። ተማሪዎቹ በቦዩ ዳር 20 ሜትር ለክተው በሁለቱም ጫፍ ምልክት አቆሙ። ነፋስ እንዳይገፋው ከሦስት እጅ አንዱን ውሃ ሞልተው የከደኑትን ጠርሙስ ከላይ ለቀቁ፤ አንዱ ተማሪ በስልክ ሰዓት ይቆጥር ነበር፤ ሌላው ከታች በመረብ ይይዘው ነበር። ሦስት ጊዜ ሞክረው አማካዩን ቢወስዱ 25 ሰከንድ ሆነ። ርቀቱን ለጊዜው ሲያካፍሉ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.8 ሜትር መሆኑን አገኙ።

ከዚህ በኋላ መምህሩ ሌላ ጥያቄ ሰጡ። ከሐይቁ 1 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደ ቦይ የተጣለ ጠርሙስ በዚሁ ፍጥነት ቢሄድ መቼ ይደርሳል? ልጆቹ 1,000ን ለ0.8 አካፍለው 1,250 ሰከንድ አገኙ፤ ይህም ወደ 21 ደቂቃ ይጠጋል። አንድ ሰው ውሃውን ጠጥቶ ጠርሙሱን ከጣለ በኋላ ሻይ አዝዞ ጠጥቶ ሳይነሣ ጠርሙሱ ሐይቁ ዘንድ ይደርሳል ማለት ነው።

የእንግሊዙ ሊቅ አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ እንቅስቃሴ ሦስት ሕጎችን ገልጿል። የመጀመሪያው፣ የቆመ ነገር የሚያንቀሳቅሰው ኃይል ካልመጣ እንደ ቆመ ይኖራል፤ የሚሄድም ነገር የሚያግደው ኃይል ካልገጠመው በያዘው ፍጥነት ቀጥ ብሎ ይሄዳል ይላል። ሁለተኛው፣ በአንድ ዓይነት ኃይል ሲገፉ ቀላሉ ነገር ከከባዱ ይልቅ ፍጥነቱ ቶሎ ይጨምራል የሚል ነው። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ድንጋይና 15 ግራም የሚመዝን ባዶ ጠርሙስ በእኩል ኃይል ቢገፉ የጠርሙሱ ፍጥነት ከድንጋዩ ከ30 እጥፍ በላይ ፈጥኖ ይጨምራል። ድንጋዩ በወደቀበት ሲቀር ጠርሙሱ ትንሽ ነፋስና ትንሽ ውሃ ባገኘ ቁጥር መንገድ የሚጀምረው ስለዚህ ነው። ሦስተኛውን ሕግ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ግፊት እኩልና ተቃራኒ ግፊት መኖሩን፣ ልጆቹ ከጠርሙስና ከአራት ክዳኖች በሠሩት ትንሽ ጋሪ አዩት። በላዩ የታሰረው ፊኛ አየሩን ወደ ኋላ ሲተፋ ጋሪው ወደ ፊት ሄደ።

የሚቆመው የት ነው?

እንግዲህ በቦይ የሚሄደው ጠርሙስ የሚቆመው የሚያቆመው ነገር ሲያገኝ ነው። ይህም ከሁለት ቦታ በአንዱ ይሆናል።

አንደኛው በመንገድ ሥር ያለው የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ ነው። አንዱ ጠርሙስ እዚያ ሲሰነቀር ሌላውን ይይዛል፤ ፌስታልና ቅጠል ይጨመርበታል፤ ውሃውም መውጫ አጥቶ ወደ ሰው ግቢ ይመለሳል። ሁለተኛው ሐይቁ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ከጥቁር ውሃ ወንዝና ከአካባቢው ጎርፍ ይቀበላል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ስለዚህ ወደ ሐይቁ የገባ ጠርሙስ ሰው ካላወጣው በቀር የሚሄድበት ሌላ ስፍራ የለም። ክዳኑ ያለበት ይንሳፈፋል፤ ክዳን የሌለው ግን ውሃ ሲሞላ ይሰምጣል። አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ሲመዝን ያንኑ ያህል ስፍራ የሚይዝ የጠርሙስ ፕላስቲክ 1.4 ኪሎ ያህል ይመዝናልና። ስለዚህ በዳር ተንሳፍፎ የምናየው የሁሉም ቁጥር አይደለም። በላይ የቀረውንም ፀሐይና ማዕበል ይሰባብሩታል እንጂ አያጠፉትም፤ ደቅቆ በውሃው ውስጥ ይኖራል። በአሞራ ገደል የሚሸጠው ቆሮሶና አምባዛ የሚወጣው ከዚሁ ውሃ ነው።

የተማሪዋ ጥያቄ

ትምህርቱ ሲያልቅ መምህሩ አንድ ቃል እንድንናገር ጋበዙን። እኛም እግዚአብሔር ሰውን በገነት ያኖረው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት መሆኑን (ዘፍጥረት 2፥15) አስታውሰን ልጆቹን አመሰገንን። በዚህ ጊዜ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «እናንተስ በጉባኤያችሁ ላይ ስንት ጠርሙስ ታድላላችሁ?» ብላ ጠየቀችን።

መልስ አልነበረንም፤ ቆጥረን አናውቅምና። ነገር ግን ሁላችንም አንድ ነገር ትዝ አለን። ባለፈው ክረምት እኛ ካዘጋጀነው የወጣቶች ጉባኤ ሁለት ቀን በኋላ ከባድ ዝናብ ዘንቦ በአዳራሹ በታች ያለው ቱቦ ተደፈነ። ጎርፉም እንጀራ ጋግረው ከሚያድሩ አንዲት እናት ቤት ገብቶ ዱቄታቸውን አበላሸ። አካፋ ይዘን ለመርዳት ሄድን፤ ከቱቦውም ካወጣነው መካከል እኛ ያደልነው ዓይነት ጠርሙስ ነበረበት። ሁሉም የእኛ ነው ለማለት አንችልም፤ የእኛ አይደለም ለማለት ግን ከዚያ ያነሰ ድፍረት ነበረን። ለእናትየው ዱቄታቸውን ተካን፤ አሠራራችንን ግን እስከዚያች ተማሪ ጥያቄ ድረስ አልለወጥንም ነበር።

ቆጥረን ያገኘነውና የወሰንነው

ከዚያ በኋላ ተቀምጠን ቆጠርን። 400 ሰው ለሦስት ቀን በሚሰበሰብበት ጉባኤ ለአንድ ሰው በቀን ሁለት የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ቢታደል 2,400 ጠርሙስ ይሆናል። ውሃው ሲደመር ግን 1,200 ሊትር፣ ማለትም በቀን 20 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብቻ ነው። ይህንን ደግሞ ጥቂት ወጣቶች ተራ ገብተው ሊያዘጋጁት ይችላሉ። ስለዚህ ከእንግዲህ ወዲህ በምናዘጋጀው ስብሰባ ሁሉ ተሳታፊው ኮዳውን ወይም ኩባያውን ይዞ እንዲመጣ፣ እኛም ንጹሕ ውሃ ባለ ቧንቧ ዕቃ ውስጥ እንድናቀርብ ወስነናል። ተማሪዎቹም በክፍላቸው ይህንኑ ጀምረዋል፤ ኮዳውን የሚረሳ አሁንም አይጠፋም፤ ለእርሱ የሚሆን ኩባያ በመስኮቱ ላይ ተቀምጧል።

በዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ አለን። ጠርሙስ እንቀንሳለን ብለን ሰውን ያልተጣራ ውሃ እንዳናጠጣ። የደፈረሰ ውሃ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል፤ ከዚያም ይፍላ። መንተክተክ ከጀመረ 1 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ አገር ግን 3 ደቂቃ ይቆይ። ማፍላት ካልተቻለ እንደ ውሃ አጋር ያለ የውሃ ማከሚያ በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። በስምጥ ሸለቆ ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፤ በብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ ይገኛል፤ ጥርስን ያበልዛል፤ ሲበዛም አጥንትን ይጎዳል። ፍሎራይድ በማፍላትም ሆነ በማከሚያው አይወጣም። ስለዚህ የምትጠቀሙበት ጉድጓድ መመርመሩን ከአካባቢያችሁ የውሃ መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ሌላ ውሃ ከሌለና መግዛት ግድ ከሆነ ከትንንሹ ይልቅ ትልቁን ዕቃ ግዙ።

ጠርሙስ ለቅሞ ለቆራሌው የሚሸጥ ድሃስ ምን ይሆናል የሚል ጥያቄ ከመካከላችን ተነሥቷል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እስካሁን በየሰፈሩ የተበተነው እንኳ ገና ተለቅሞ አላለቀም፤ ከስብሰባ የሚተርፈውንም ለይተን በከረጢት ብንሰጣቸው ከቦይ ከመልቀም ይሻላቸዋል። መሰብሰብ መልካም ነው፤ ይሁንና መሰብሰብ የሚሮጠውን ጠርሙስ ከኋላ መከተል ሲሆን መቀነስ ግን ከመነሻው እንዳይነሣ ማድረግ ነው።

ጌታችን አምስት ሺህ ሰው ካጠገበ በኋላ የተረፈው ቁራሽ እንዲሰበሰብ አዝዟል (ዮሐንስ 6፥12)። እንጀራ ማብዛት የሚችለው ጌታ ትርፍራፊውን በሣሩ ላይ ትቶ አልሄደም። የእኛም ልማድ እንደሚንከባለል ጠርሙስ ነው፤ የሚያግደው ካልገጠመው በጀመረው ይቀጥላል። ሐዋሳ ላይ ልማዳችንን ያገደችው የአንዲት ተማሪ ጥያቄ ናት። እናንተም በሚመጣው ጉባኤያችሁ ስንት ጠርሙስ እንደምታድሉ አስቀድማችሁ ቁጠሩ፤ ከአዳራሻችሁ በታች ያለው ቦይ በማን ደጅ እንደሚያልፍም ሄዳችሁ እዩ። የጌታ ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።