«ኦርጋኒክ» ምግብ በእርግጥ ለጤና ይበልጣልን?

በአዲስ አበባ ገበያዎች «የሀበሻ» የሚለው ቃል ዋጋ አለው። የሀበሻ ዶሮና የሀበሻ ዕንቁላል «የፈረንጅ» ከሚባለው አቻቸው ይልቅ የሚፈለጉት በጣዕማቸው ብቻ አይደለም፤ ገዢው ኬሚካል ያልነካው ምግብ ለቤተሰቡ እያቀረበ እንደሆነ ስለሚያምንም ጭምር ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ «ኦርጋኒክ» የሚለው ቃል በምግብ ማሸጊያዎች ላይ እየተለመደ መጥቷል። ሁለቱ ቃላት በሸማቹ አእምሮ አንድ ትርጉም ይዘዋል፦ ንጹሕና ለጤና ተስማሚ። ይህ ጽሑፍ እምነቱ በጥናት ምን ያህል እንደሚደገፍ፣ በአገራችን ሁኔታ ደግሞ የት ላይ እንደሚስት ይመረምራል።

በቅድሚያ ስያሜውን ማጥራት ያስፈልጋል። የኦርጋኒክ ማረጋገጫ የሚናገረው ምግቡ ስለተመረተበት መንገድ እንጂ በውስጡ ስለያዘው ነገር አይደለም። አምራቹ እንደ ዩሪያ ያለ የፋብሪካ ማዳበሪያና ሰው ሠራሽ ፀረ-ተባይ እንዳልተጠቀመ፣ የአፈሩን ለምነትም በፍግ፣ በብስባሽና ሰብል በማፈራረቅ እንደጠበቀ ይመሰክራል። ጨርሶ መርዝ አልነካውም ማለት ግን አይደለም፤ ከፓይሬትረም አበባ የሚወጣ ፀረ-ተባይና አንዳንድ የመዳብ ውህዶች በብዙ አገሮች የኦርጋኒክ ደንብ የተፈቀዱ ናቸው። በኢትዮጵያ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 488 እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቷል። ይሁንና በገለልተኛ አካል ምርመራ የሚሰጠው ማረጋገጫ በዋናነት የሚያገለግለው እንደ ቡና ላሉ ወደ ውጭ ለሚላኩ ምርቶች ነው። በሰፈር ሱቅ የምናነበው «ኦርጋኒክ» ብዙውን ጊዜ የሻጩ ቃል ነው።

የንጥረ ምግብ ይዘትን በተመለከተ ትልልቆቹ የጥናት ግምገማዎች እርስ በርሳቸው ሙሉ በሙሉ አይስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2009 የለንደን የንጽሕናና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች የሃምሳ ዓመት ጽሑፎችን መርምረው ለጤና ትርጉም ያለው ልዩነት አላገኙም። በ2012 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ግምገማም ወደዚሁ ያደላል። በ2014 ግን በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የተመራ ቡድን 343 ጥናቶችን አጠቃልሎ፣ በኦርጋኒክ ሰብሎች ውስጥ እንደ ፖሊፌኖል ያሉ ፀረ-ኦክሲዳንት ውህዶች ከፍ ብለው፣ ካድሚየም የተባለው መርዛማ ብረት ደግሞ በግማሽ ገደማ ዝቅ ብሎ መገኘቱን አስታወቀ። ውጤቱ የሥነ ሕይወት ምክንያት አያጣም። ተክል ፖሊፌኖልን የሚሠራው በከፊል ራሱን ከተባይና ከበሽታ ለመከላከል በመሆኑ፣ ናይትሮጅን ያልበዛለትና መርዝ ያልተረጨለት ተክል ይህን መከላከያ አብዝቶ ሊያመርት ይችላል። ካድሚየምም ከፎስፌት ማዳበሪያ ጋር ወደ አፈር ሊገባ ይችላል። ነገር ግን የአንድ ቲማቲም ይዘት በዝርያው፣ በብስለቱ፣ በአፈሩና ከተለቀመ በኋላ ባሳለፋቸው ቀናትም በእጅጉ ይለያያል፤ ከምግብ የሚገኝ ጥቂት ተጨማሪ ፖሊፌኖል በሽታን እንደሚቀንስም በሰው ላይ አልተረጋገጠም። በእኔ እምነት ለንጥረ ምግብ ሲል ብቻ ጭማሪ ዋጋ የሚከፍል ሸማች፣ በዚያው ገንዘብ ተጨማሪ ጎመንና ባቄላ ቢገዛ የበለጠ ይጠቀማል።

የፀረ-ተባይ ቅሪት ጉዳይ ግን የተለየ ነው፤ እዚህ ላይ ማስረጃው ጠንካራ ነው። በስታንፎርዱ ግምገማ ቅሪት የተገኘው በ7 በመቶው የኦርጋኒክ ናሙናና በ38 በመቶው የመደበኛ ናሙና ላይ ነበር። ቅሪት መገኘቱና ቅሪቱ መጉዳቱ ግን አንድ ነገር አይደሉም። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን በየቀኑ ቢወስደው አይጎዳውም ተብሎ የሚወሰነው መጠን፣ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ጉዳት ካላሳየው መጠን ብዙውን ጊዜ መቶ እጥፍ ያነሰ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ገበያ የሚመረመረው አብዛኛው መደበኛ ምርት ከተፈቀደው ጣሪያ በታች ነው። ይህ የሚያጽናናው ግን ጣሪያውን የሚያስከብር ቤተ ሙከራና ተቆጣጣሪ ባለበት አገር ነው።

የመጨረሻው መመዘኛ ኦርጋኒክ የሚበሉ ሰዎች በእርግጥ ያነሰ ይታመማሉ ወይ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና 68,946 ፈረንሳውያንን የተከታተለ ጥናት፣ ኦርጋኒክ አብዝተው የሚመገቡት በካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ25 በመቶ ያነሰ መሆኑን ዘገበ። ከዚያ አራት ዓመት አስቀድሞ በብሪታንያ 623,080 ሴቶችን ለዘጠኝ ዓመታት ያህል የተከታተለው ጥናት ግን በጠቅላላው የካንሰር ቁጥር ላይ ቅናሽ አላገኘም። ኦርጋኒክ የሚገዛ ሰው በአብዛኛው የተሻለ ገቢና ትምህርት ያለው፣ አትክልት አብዝቶ የሚመገብ፣ ሲጋራ የማያጨስ ነው፤ ተመራማሪዎች እነዚህን ልዩነቶች በስሌት ለማስወገድ ቢጥሩም ሙሉ በሙሉ ማስወገዳቸውን ማረጋገጥ አይቻልም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ ዲዲቲን ጨምሮ የፀረ-ተባይ ቅሪት አግኝታ ጭነቱን አገደች። አብዛኛው ገበሬያችን ቡናውን መርዝ አይረጭም፤ በኢትዮጵያ በኩል የተሰጠው ማብራሪያ ብክለቱ የመጣው ቡናው ከታሸገበት ጆንያ ነው የሚል ነበር። ያለ ኬሚካል የበቀለ ምርት ያለ ኬሚካል ገበያ ይደርሳል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም። በዚያው በቡና ምድር፣ በጅማና በአካባቢዋ ባሉት በሰርቦና በአሰንዳቦ ከተሞች የተደረገ ጥናት ዲዲቲን በላም ወተትና በእናት ጡት ወተት ውስጥ አግኝቷል። ዲዲቲ ለወባ መከላከያ በየቤቱ ግድግዳ ሲረጭ የኖረ፣ በአፈር ውስጥም ለብዙ ዓመታት የሚቆይ ኬሚካል ነው። በደቡብ አፍሪካ ሊምፖፖ ግዛት እንዲህ ባሉ ግቢዎች እየጫሩ የሚያድጉ ዶሮዎች ዕንቁላል ከፍተኛ ዲዲቲ ተገኝቶበታል። የሀበሻ ዕንቁላል ንጽሕና እንግዲህ ዶሮዋ በምትጭርበት አፈር ይወሰናል።

የከተማችን አትክልትም ከዚህ አይለይም። በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚለማው ሰላጣና ቆስጣ ማዳበሪያ ባይነካውም፣ ውኃው የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ የተቀላቀለበት ነው፤ ጥናቶች በቅጠሎቹ ላይ ካድሚየምና ክሮሚየምን የመሳሰሉ ብረቶች አግኝተዋል። በቅጠሉ ውስጥ የሰረገን ብረት ማጠብ አያስወግደውም። ጀርሞችም ለስያሜ አይገዙም። እ.ኤ.አ. በ2011 በጀርመን ከሃምሳ በላይ ሰዎችን የገደለው የኢ. ኮላይ ወረርሽኝ የተነሣው ከአንድ የኦርጋኒክ እርሻ ቡቃያ ነበር፤ ዘሩም ከግብፅ የገባ አብሽ መሆኑ ተደርሶበታል። በአዲስ አበባና ዙሪያዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት የአፍላቶክሲን ጣሪያ ውስጥ የተገኙት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። አፍላቶክሲን በጉበት ላይ ካንሰር የሚያስከትል የሻጋታ መርዝ ነው፤ ወደ ወተቱ የገባውም በአመዛኙ ሻጋታ ባበላሸው የኑግ ፋጉሎ በኩል ነው። ሻጋታ ፍጹም ተፈጥሯዊ ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ፀረ-ተባይ አያሳስብም ማለት አይደለም። ከማንም በላይ የሚጎዳው ግን ቅሪቱን የሚበላው ሳይሆን መርዙን የሚረጨው ሰው ነው። በመቂና በዝዋይ ዙሪያ ባሉ የቲማቲምና የሽንኩርት ማሳዎች የተደረጉ ጥናቶች፣ ገበሬዎች ያለ ጓንትና ያለ ጭንብል እንደሚረጩ፣ የተለያዩ መርዞችን በግምት እንደሚቀላቅሉ፣ ምርጫቸውንም ብዙ ጊዜ ከሻጩ ምክር እንደሚወስዱ ያሳያሉ። እዚህ ላይ የኦርጋኒክ አመራረት ጥቅም አከራካሪ አይደለም፤ መርዙን የማይረጭ ገበሬ በእርጭት አይመረዝም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አዋጅ ቁጥር 674 ፀረ-ተባይ ሁሉ ከመሸጡ በፊት እንዲመዘገብ ይደነግጋል፤ መርጫውን በጀርባው አዝሎ በቲማቲሙ መካከል የሚሄደው ወጣት ግን የዕቃውን ጽሑፍ ማንበብ የሚችለው በሚያውቀው ቋንቋ ከተጻፈለት ብቻ ነው።