ከመቶኛው በፊት ያለው ልኬት

እ.ኤ.አ. በ2000 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 52 በመቶው መቀንጨራቸውን፣ ማለትም ለዕድሜያቸው በጣም ማጠራቸውን ገለጸ። ከዓመታት በኋላ የዚያው ጥናት ውጤት 58 በመቶ ተብሎ ይጠቀስ ጀመር። ሕፃናቱም ቁመታቸውም ያው ነው፤ የተለወጠው ማነጻጸሪያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 አዲስ የዕድገት መስፈርት ሲያወጣ የቀድሞው መረጃ በዚያ እንደገና ተሰላ። 52ን በ2011 ከተገኘው 44 ጋር የሚያስተያይ ሰው ለውጡን 8 ነጥብ ይለዋል፤ በአንድ መስፈርት ሲሰላ ግን 14 ነው።

በጥናት ቋንቋ ከሰው ሰው የሚለያይና የሚመዘገብ ነገር ሁሉ ተለዋዋጭ ይባላል። መቀንጨር በቀጥታ አይለካም፤ ከዕድሜ፣ ከጾታና ከቁመት ተሰልቶ ይገኛል። ጾታ ብዙም አያስቸግርም። ጣጣው ዕድሜ ላይ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት በሌለበት ቤት እናት «ፍልሰታ ሊገባ ሲል ነው የወለድኩት» ትላለች፤ መረጃ ሰብሳቢው ይህን ወደ ወርና ዓመት መመለስ አለበት። ዕድሜው ከፍ ተደርጎ ከተገመተ ደህናው ልጅ ከቀነጨሩት ይቆጠራል፤ ዝቅ ካለ የቀነጨረው ይደበቃል።

ቁመትም ቀላል አይደለም። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ተኝቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው ቆሞ ይለካል። በሁለቱ መካከል 0.7 ሴንቲሜትር ያህል ልዩነት አለ። ሁለት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ቆሞ ሲለካ ከ81 ሴንቲሜትር ካነሰ ቀንጭሯል ይባላል። ቁመቱ 80.5 የሆነ ልጅ ተኝቶ ተለክቶ ሳይስተካከል ቢመዘገብ 81.2 ይሆንና ያመልጣል። ያመለጠው ልጅ ርዳታ የሚያስፈልገው ልጅ ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ስታንሊ ስቲቨንስ በ1946 ልኬቶችን ቁጥራቸው በሚሸከመው ትርጉም በአራት ከፈላቸው። ክልል መለያ ስም ብቻ ነው፤ የቤተሰብ የሀብት ደረጃ ቅደም ተከተል አለው፣ በደረጃዎቹ መካከል ያለው ርቀት ግን እኩል አይደለም። ዓመተ ምሕረት እኩል ርቀት ቢኖረውም እውነተኛ ዜሮ የለውም፤ ቁመት ግን እውነተኛ ዜሮም አለው። ኮምፒውተር ይህን አይለይም፤ ክልሎች 1፣ 2፣ 3 ተብለው ከገቡ አማካያቸውን አስልቶ ይሰጣል። ትርጉም የለሽ መሆኑን ማወቅ የተመራማሪው ፈንታ ነው።

የልኬት ጥራት ሁለት መልክ አለው። በሥልጠና ጊዜ ለኪዎች ያንኑ ሕፃን ደጋግመው ይለካሉ፤ ቁጥሩ ከተቀራረበ አስተማማኝ ነው። ሁለተኛው ትክክለኛነት ነው፤ የመለኪያ ሰሌዳው ራሱ የተዛባ ከሆነ ያው ስህተት ይደጋገማል እንጂ እውነተኛው ቁመት አይገኝም።

በ2016 የመቀንጨር መጠን 38፣ በ2019 ደግሞ 37 በመቶ ሆኗል። የአንድ ነጥብ ልዩነት በናሙና ስህተት ውስጥ ስለሚወድቅ ቀነሰ ብሎ መደምደም አይቻልም። እንዲህ ያለውን ቁጥር ከመጥቀሳችን በፊት በሪፖርቱ መጨረሻ ያሉትን የመረጃ ጥራት ሠንጠረዦች እንይ፤ ስንት ልጆች እንዳልተለኩ፣ የስንቶቹ ዕድሜ እንዳልተሟላ የሚነግሩን እነሱ ናቸው።