«ላዳ ጠንካራ ናት» ሲባል፣ ለምን ነገር ጠንካራ?

ከአረርቲ ወደ አዲስ አበባ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ከመኪና ወርዳችሁ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ስትቆሙ፣ ሰማያዊና ነጭ የተቀባች፣ ሳጥን የመሰለች አሮጌ መኪና አይታችሁ ይሆናል። ላዳ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ስሟ ከመለመዱ የተነሳ፣ «ላዳ ያዝ» ማለት ብዙ ጊዜ «የኮንትራት ታክሲ ያዝ» ማለት ሆኖ ቀርቷል። ስለ እሷ ትልልቅ ሰዎችን ጠይቁ፤ መልሱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ «እሷማ ብረት ናት! እንደ ዛሬዎቹ ፕላስቲክ አይደለችም።»

እስቲ ዛሬ ይህቺን አባባል እንፈትናት። ጠንካራ ናት፣ እሺ። ግን ለምን ነገር? ለመንገዱ? ለዳገቱ? ወይስ ውስጧ ለተቀመጠው ሰው? ሦስቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸውም ይለያያል። (እዚህ የምትሏቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጣሊያን ተወልዳ ቮልጋ ዳር ያደገች

ላዳ ስትወለድ ላዳ አልነበረችም። የጣሊያኑ ፊያት በ1966 «ፊያት 124» የምትባል ባለ አራት በር የቤተሰብ መኪና አወጣ። መኪናዋ የ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተሸለመች። በዚያው በ1966 ሶቭየት ኅብረት ይህችኑ መኪና በአገሯ ለመሥራት ከፊያት ጋር ተዋዋለች። ፋብሪካው የተተከለው ቮልጋ ወንዝ ዳር፣ ቶሊያቲ ከተማ ውስጥ ነው። የከተማዋ ስም ራሱ የተወሰደው ከጣሊያን ኮሚኒስቶች መሪ ከፓልሚሮ ቶሊያቲ ነው። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች በኤፕሪል 1970 ከፋብሪካው ወጡ። እዚያው አገር ቤት «ዢጉሊ» ተባሉ፤ ለውጭ ገበያ ሲላኩ ግን «ላዳ»።

ፊያት 124 እንዳለች ብትገለበጥ ኖሮ ግን ረጅም ዕድሜ አይኖራትም ነበር። የጣሊያን አስፋልት ላይ የተመቻት መኪና፣ የሶቭየት ኮረኮንች ላይ ስትፈተን አካሏ መሰንጠቅ ጀመረ። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ከ800 በላይ ለውጥ አደረጉባት። ጥቂቶቹን እንይ።

የአካሏ ላሜራ ወፈረ። ሆዷ ከመሬት ራቅ አለ፤ ድንጋይ እንዳይመታት። የኋላ ፍሬኗም ተቀየረ። ፊያቷ በአራቱም ጎማ ክፍት የዲስክ ፍሬን ነበራት፤ ጭቃና አሸዋ እየገባ ቶሎ ይበላዋል። ላዳ ላይ የኋላው እንደ ከበሮ ዙሪያውን በተዘጋ ፍሬን ተተካ። በብርድ ባትሪ ሲደክም ሞተሩን በእጅ አዙሮ የሚያስነሳ ብረትም ተጨመረላት።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አገኘ። ላዳ ለመጥፎ መንገድ ጠንካራ ናት፤ ሆን ተብሎ ለዚያ ስለተሠራች። በደርግ ዘመን ወደ አገራችን ስትመጣ የጠበቃትም መንገድ ብዙ አላስደነገጣትም።

ሰባት ቁጥር፣ አንድ አጥንት

ላዳ አንዲት መኪና አይደለችም፤ ቤተሰብ ናት። የበኩር ልጅ 2101 ባለ 1.2 ሊትር ሞተር ነበረች። በ1971 ከኋላዋ ሰፊ የዕቃ ቦታ ያላት 2102 ተከተለች። በ1972 ባለ አራት ክብ መብራቷ 2103፣ በ1976 ደግሞ ባለ 1.6 ሊትሯ 2106 መጡ። ከዚያ ፋሽን ተለወጠ፤ መብራቱ ክብ መሆኑ ቀርቶ አራት ማዕዘን ሆነ። 2105 እንዲህ ሆና መጣች። ፊቷ በሚያብረቀርቅ ብረት ያጌጠችው 2107 በ1982፣ የዕቃ መጫኛዋ 2104 በ1984 ተከተሉ። የመጨረሻዎቹ በ2012 ሲቆሙ ቤተሰቡ በጠቅላላ ከ17 ሚሊዮን በላይ መኪና ሆኖ ነበር።

አሁን ልብ በሉ፦ መብራት፣ ወንበርና የሞተር መጠን ይቀያየራል እንጂ አጥንቱ ያው ነው። ሞተር ከፊት፣ የሚገፋው የኋላ ጎማ፣ ሁሉም በመፍቻ የሚፈታ። ለዚህ ነው የአንዷ ዕቃ ብዙ ጊዜ ለሌላዋ የሚሆነው። መካኒክ አንዷን ካወቀ ሰባቱንም አወቀ ማለት ይቻላል።

ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። የጋራዥ ቋንቋችንን አዳምጡ፦ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ኮፈን፣ ማርሚታ። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጣሊያን የተወለደችው መኪና በሩሲያ በኩል ዞራ ስትመጣ፣ የአካል ክፍሎቿ ስም እዚህ ቀድሟት ገብቶ ይጠብቃት ነበር ማለት ነው።

ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲያጥር

ሁለተኛው ጥያቄ ዳገት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ሙከራ እንሥራ። ደብረ ብርሃን ስትሄዱ የውኃ ፕላስቲክ ጠጥታችሁ ጨርሱና ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉት። አረርቲ ስትደርሱ አውጥታችሁ እዩት፤ ማንም ሳይነካው ጎኑ ገባ ገባ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ለምን? ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አረርቲ 1,800 ገደማ። ከላያችን ያለው አየር ይጫነናል፤ ከፍ ባልን ቁጥር የሚጫነን ይቀንሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለውን ግፊት 100 ብንለው፣ አረርቲ ላይ 80 ያህል፣ አዲስ አበባ 75 ያህል፣ ደብረ ብርሃን ላይ 71 ያህል ነው። ፕላስቲኩ ውስጥ የታሸገው ስስ የደብረ ብርሃን አየር ነው፤ አረርቲ ላይ ወፍራሙ አየር ከውጭ ጨመቀው።

የቤንዚን ሞተርም እንደ እኛው ይተነፍሳል። ቤንዚን ያለ ኦክስጅን አይነድም። አየሩ ሲሳሳ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፤ ጉልበቱም ያንሳል። የ2101 ሞተር ሜዳው ላይ 60 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው። ደብረ ብርሃን ዳገት ላይ ከዚህ ሩብ ያህሉን ጥላ ነው የምትወጣው።

ላዳ ላይ ሌላም ችግር ይጨመራል። አየርና ቤንዚን የሚያደባልቀው ካርቡራተር የተስተካከለው ለቆላ አየር ከሆነ፣ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ቤንዚኑን በለመደው መጠን ያፈሳል። ትርፉ ቤንዚን በደንብ ሳይነድ በማርሚታ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። የገባው መካኒክ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ በጠባብ ይተካና ያስተካክለዋል። የዛሬ መኪኖች ግን አየሩን በሴንሰር እየለኩ ቤንዚኑን ራሳቸው ይመጥናሉ። ስለዚህ ዳገት ላይ የላሜራው ውፍረት አይጠቅምም፤ እንዲያውም የሚጎተት ክብደት ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ

አሁን ወደ ሦስተኛው እንምጣ። «ብረት ስለሆነች ብትጋጭም ምንም አትሆን» ሲሉ ሰምታችኋል? ይሄ አባባል ሰው ሊያስጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ በጥሞና እናስበው።

መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደች ግንብ ብትመታ፣ ግጭቱ ከሦስት ፎቅ እንደ መውደቅ ነው። ያን ሁሉ ጉልበት አንድ ነገር መዋጥ አለበት። መኪናዋ ካልዋጠችው ሰውነታችን ይውጠዋል። ከሦስት ፎቅ መውደቅ ግድ ቢሆንባችሁ ሲሚንቶ ላይ ነው ወይስ የገለባ ክምር ላይ መውደቅ የምትመርጡት? ገለባው የሚያድናችሁ ስለሚሰምጥ ነው፤ ቀስ አድርጎ ያቆማችኋል። ሒሳቡም ቀላል ነው፦ በ10 ሴንቲ ሜትር ከመቆም በ60 ሴንቲ ሜትር ብትቆሙ፣ የሚያርፍባችሁ ኃይል በአማካይ ስድስት እጥፍ ይቀንሳል።

የዛሬ መኪና አፍንጫ በግጭት ጊዜ እንደ ካርቶን የሚጨማደደው ለዚህ ነው። አፍንጫው ገለባው ነው፤ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ግን ጽኑ ሆኖ እንዲቀር ተደርጎ ይሠራል። ኤርባግና ቀበቶ የቀረውን ይረዳሉ። ላዳም ትጨማደዳለች፤ ግን በ1960ዎቹ የተነደፈች ናትና የቱ ይጨማደድ፣ የቱ ይጽና የሚለው እንደ ዛሬው አልተሰላላትም። ከግጭት በኋላ መኪናው ብዙም ሳይጎዳ ሰው በጣም ሊጎዳ ይችላል። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ተቃራኒውን ነው።

በ2024 ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ስለዚህ ወደፊት የምታዩዋቸው አዳዲሶቹ ኤሌክትሪክ ናቸው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ የደብረ ብርሃን ስስ አየር ጉልበቱን አይቀንሰውም። በሌላ በኩል፣ ላዳን በመፍቻ ብቻ እየፈታ የኖረ መካኒክ አዲስ ትምህርት ያስፈልገዋል። ምናልባት ያንን ትምህርት የምትማሩት እናንተ ትሆናላችሁ።

እንግዲህ አንድ ሰው «ይቺ መኪና ጠንካራ ናት» ሲላችሁ፣ «ለምን ነገር?» ብላችሁ ጠይቁ። እስከዚያው ግን ላዳም ሆነ ሌላ መኪና ውስጥ ስትገቡ፣ ከኋላ ብትቀመጡም እንኳ ቀበቶ ካለ እሰሩ። ዛሬ የምናውቀው በሦስት ቦታ የሚያዝ ቀበቶ በ1959 በቮልቮ መሐንዲስ በኒልስ ቦህሊን የተሠራ ነው፤ ከላዳም በዕድሜ ይበልጣል።